የመንደር ሹመት ለማን ነው?

ከሹመት ሁሉ ታናሹ የመንደር ሹመት ነው፤ ለሰው ኑሮ ግን ከሁሉ የቀረበው እርሱ ነው። ትልቁን ሹም ብዙ ሰው በስሙ ብቻ ያውቀዋል፤ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ግን ከአንድ ምንጭ ውኃ ከሚቀዱት፣ በአንድ ዕድር ሙታናቸውን ከሚቀብሩት፣ በሐሙሲት ገበያ ትከሻ ለትከሻ ከሚጋፉት ሰዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በጎነቱም ክፋቱም ሳይውል ሳያድር በጎረቤቱ ቤት ይታያል። እንግዲህ ክርስቲያን ሰው ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢመረጥ ሊቀበል ይገባዋልን? ቢቀበልስ እንዴት ይመላለስ? ወዳጆች ሆይ፤ ይህን ነገር በጸጥታ እንመርምረው።

በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ክፉ ምሳሌ አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ይህ ቃል ሹመትን እንደ መኸር፣ ሕዝቡንም እንደ እርሻ ይቆጥራል። ቀድሞ በበጌምድርና በጎጃም በብዙ የርስት አገር ጭቃ ሹምነት በባለርስቶች መካከል በተራ ይዞር ነበረ። ጭቃ ሹሙ ግብር ያስገባል፣ ሰውን ለሥራ ይጠራል፣ ትንሹን ጠብ ይሰማል፤ ተራው ሲያልፍም ወደ እርሻው ይመለሳል። ከዚህ ሥርዓት ሁለት ዓይነት ልብ ሊወጣ ይችል ነበረ። አንዱ «ዘመኔ አጭር ናትና ፈጥኜ ልብላ» ይላል። ሁለተኛው «ነገ ተራው የጎረቤቴ ነውና ዛሬ በእውነት ልፍረድ» ይላል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱንም የያዘው ፍርሃት እንጂ ፍቅር አይደለም። የክርስቲያን ልብ ሦስተኛው ነው፤ «በጎረቤቴ እጅ ባልወድቅም እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እቆማለሁ፤ ጎረቤቴም የእርሱ ፍጥረት ነው» ይላል።

ሥርዓት ብቻውን ሰውን በጎ እንደማያደርግ የቅርብ ዘመን ታሪክ ያስተምረናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በታወጀ ጊዜ በ800 ሄክታር መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። ቀበሌ የሚባለው ነገር በዚህ ተተከለ። ቀበሌ ለድኻው ስኳርና ዘይት አከፋፈለ፣ ፊደል ላላወቀው ፊደል አስቆጠረ። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በብዙ ከተማ ያው ቀበሌ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያሳስርበት ስፍራ ሆነ። ማኅተሙ አንድ፣ ቤቱም አንድ ነበረ፤ ሥራው ግን እንደ ሰዎቹ ልብ ተለዋወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሹም ለሥራው ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝቡም የመረጠው ሰው እምነት ቢያጎድል ከሥፍራው ሊያወርደው እንዲችል ይደነግጋል። ይህ መልካም አጥር ነው። ቢሆንም አጥር ሌባን ከውጭ ይከለክላል እንጂ በውስጥ ያለውን ሌባ አይከለክልም።

«የዓለም ሹመት ርኵሰት ነው፤ አማኝ በጸሎት ቤቱ ይቀመጥ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን የሚል ሰው የሐዋርያት ሥራን ስድስተኛ ምዕራፍ ያስተውል። በኢየሩሳሌም በዕለት ምግብ አከፋፈል መበለቶች በተዘነጉ ጊዜ ሐዋርያት ነገሩን የሥጋ ነው ብለው አልጣሉትም፤ መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ እንጂ። የድኻ እንጀራ ነገር መንፈሳዊ ሰውን ይፈልጋል። ነገር ግን በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ሹመት ለብዙ ሰው የፍርሃት ነገር ሆኗል። ስለ ሕይወቱ ወይም ስለ ኅሊናው ሠግቶ አልቀበልም ያለውን ወንድም ልንፈርድበት አይገባም። ሹመትን መተው ይቻላል፤ ጎረቤትን መተው ግን አይቻልም። በምክር ቤት ያልተቀመጠ ሰው በሽምግልና ሊቀመጥ፣ በዕድር ሊያገለግል ይችላልና።

አሁን ወደ ጭንቁ ነገር እንግባ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው የእርዳታ ሥራ በደቡብ ጎንደር እንደ ላይ ጋይንትና እብናት ባሉ ወረዳዎች ሲሠራ፣ ከሕዝቡ የተመረጡ ሰዎች የችግረኞችን ስም ይመርጣሉ፤ ዝርዝሩ በጉባኤ እንዲነበብ፣ ቅር ያለውም አቤት እንዲል ተደንግጓል። እንበልና አንድ ስፍራ ብቻ ቀረ። በአንድ ወገን የመራጩ እኅት አለች፤ በእውነት ድኻ ናት። በሌላ ወገን ዘመድ የሌላት መበለት አለች፤ እርስዋም ድኻ ናት። እኅቱን ቢጽፍ ሰው «ለወገኑ አደላ» ይላል። እኅቱን ቢሰርዝ ደግሞ ሰው ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን ምስጋናውን በእኅቱ ረኃብ ገዛው። የኦሪት ሕግ ለባለጠጋ ብቻ ሳይሆን ለድኻም በፍርድ እንዳናደላ ያዝዛል፤ ስለዚህ ለገዛ ስሙ የሚያደላ ዳኛም ከአድሎ ንጹሕ አይደለም።

እንግዲህ ምን ያድርግ? በጉባኤው ፊት «ይህች እኅቴ ናት» ብሎ ይናገር፤ ከዚያም ከመቀመጫው ተነሥቶ ይውጣ፤ ሌሎቹ ይፍረዱ። እኅትን መውደድ ኀጢአት አይደለም፤ ኀጢአቱ ፍቅሩን ሸሽጎ ፍርድ ማስመሰል ነው። ነገር ግን ከመውጣቱ አስቀድሞ አንድ ሥራ ይቀረዋል። እኅቱን ባልንጀሮቹ ያውቋታል፤ የመበለቲቱን ነገር ግን ማን ይናገርላታል? ስምዋና ችግርዋ በጉባኤ ሁሉ ፊት ሳይሰማ እንዳይቀር ይጠንቀቅ። የተመረጠ ሰው ተቀዳሚ ሥራ አፍ ለሌለው አፍ መሆን ነውና።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመንደርን ሹም የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የብር ከረጢት አይደለም፤ ማሰሮ ጠላና የበግ ሙዳ ሥጋ ነው። የጎረቤትን ማዕድ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ታዲያ እንዴት ይሁን? ሰው ሁሉ በተጠራበት ሰርግና ዝክር ይብላ፤ ለእርሱ ብቻ ከተሰናዳው ማዕድ ግን ይራቅ። ነህምያ ዐሥራ ሁለት ዓመት የገዥነትን ቀለብ አልበላም። ሳሙኤልም በሸመገለ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደ ወሰደ መስክሩብኝ ብሎ ሊጠይቅ ቻለ፤ ልጆቹ ግን በቤርሳቤህ ጉቦ ተቀብለው ፍርድ አጣመሙ። በጎ ስም ከአባት አይወረስም።

ከሰው ጋር መድከምም ያስፈልጋል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር መንገድ ሲያሠሩ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሡ እንደ ነበረ የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል። ቦይ ሲቆፈር ቀድሞ አካፋ የሚይዝ ሹም ሰውን በግድ አይጠራም። ሆኖም እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያኗንም አቃጠሉ። እንግዲህ ትጋት ያለ ምሕረት አይበቃም።

እናንተም የከተማ ሰዎችና ተማሮች ሆይ፤ ነገሩ የሹሙ ብቻ አይምሰላችሁ። እጅ መንሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሹሙን ስርቆት ያስተምረዋል። በጉባኤ ዝም ብሎ በቤቱ የሚያጕረመርምም ከበደሉ ድርሻ አለው። ፊደል ያወቃችሁ ለማያውቀው ጎረቤታችሁ ማመልከቻውን ያለ ዋጋ ጻፉለት፤ ዝርዝር ሲነበብ ተገኙ፤ በደል ብታዩ ያለ ስድብ በግልጥ ተናገሩ፤ ሹሙ መልካም ሲሠራም አመስግኑት።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የመጣው ሊያገለግል እንጂ እንዲያገለግሉት አይደለም። እርሱን የሚከተል ሰው የአባቶችን ምሳሌ ለውጦ ለልጆቹ ያስተምር፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር በጎረቤቱ ደጅ ሳያፍር ያልፋል። በዚህ መንገድ እንድንሄድ እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።