ሕመምን መከታተል ገበናን መግለጥ ነውን?

ተላላፊ በሽታ ወደ አንድ ሰፈር በገባ ጊዜ፣ «ማን ታመመ? መቼ ጀመረው? ውሃስ ከየት ይቀዳል?» እያሉ ቤት ለቤት የሚጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ። ብዙ ሰው ይህን የጎረቤትን ገበና እንደ መግለጥ ይቈጥረዋል፤ ገበናን መሸፈን መልካም ሥራ መሆኑን ተምረናልና። እንግዲህ እንዲህ ያለው ምርመራ ከፍቅር የሚመጣ ነውን ወይስ ከነገር ፈላጊነት? መልሱን ለማግኘት አንድ የእንግሊዝ ካህን የሠራውን ሥራ እንመልከት።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. ሶሆ በሚባለው የሎንዶን ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን የሟቾቹን ቤት ቈጥሮ፣ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ካለው ፓምፕ ይጠጡ እንደ ነበር ስላስረዳ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

የሰፈሩ ረዳት ካህን ሄንሪ ዋይትሄድ የሐኪሙን አሳብ አልተቀበለውም ነበር። ነገር ግን ሕዝቡን በየቤቱ ያውቅ ነበርና፣ ደጋግሞ እየጐበኘ ስለ ሞቱትም ስለ ተረፉትም ጠየቀ። በ1855 ዓ.ም. የደረሰበት ነገር የሐኪሙን ቃል የሚያጸና ሆነ። በፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት አንዲት ሕፃን ወረርሽኙ ከመስፋፋቱ ጥቂት ቀን አስቀድማ ታማ ነበር፤ እናቲቱም የሕፃኒቱን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ በቤቱ ፊት ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ደፍታው ነበር። ስፍራው ተቈፍሮ ሲታይ፣ የጉድጓዱ ግንብ ላልቶ ፍሳሹ ወደ ፓምፑ ውሃ ይሰርግ እንደ ነበር ተገለጠ።

ይህች እናት ያደረገችው ማንኛዋም እናት የምታደርገውን ነው። ካህኑ ከሳሽ ሆኖ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ደጇን በዘጋችበት፣ እውነቱም ተሰውሮ በቀረ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነት ግልጽ ነው። የሚከስ ጥያቄ በደለኛ ይፈልጋል፤ የሚያድን ጥያቄ ግን በሽታው የሄደበትን መንገድ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ የሚያድነውም ጥያቄ ወሰን አለው። የሕመምተኛው ስም ለሚያክሙትና በሽታውን ለሚከላከሉት ብቻ ይነገር እንጂ የአደባባይ ወሬ አይሁን። ሕመምተኛውም ተቈጥሮ የሚተው ሳይሆን የሚጠየቅና የሚረዳ ይሁን። በንስሐ የተሰማው ምሥጢር እንደ ተዘጋ ይኖራል፤ ካህኑ ግን ሕመምተኛው ራሱ ለሐኪም እንዲናገር ከመምከር አይከልከል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ተላላፊውን በሽታ የሚደብቅ ግን ሳያውቅ የሚቀዳውን የጎረቤቱንም መድኃኒት ይደብቃል። እንግዲህ ጠያቂ ወደ ደጃችን በመጣ ጊዜ እውነቱን እንንገረው፤ እኛም ጠያቂዎች በሆንን ጊዜ ደጅ የሚያስከፍት ትሕትና ይኑረን።