በሽተኛን ከሩቅ መከታተልና በሽተኛን መጠየቅ

በሽተኛን ከሩቅ መከታተል ማለት ሰውየው ቤቱ ሆኖ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን ወይም ክብደቱን እየለካ ውጤቱን በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለሐኪም ማድረስ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የልብን ምት በሬዲዮ ለማስተላለፍ የሠራው መሣሪያ 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጀርባ ሸክም ነበር። ዛሬ ደረት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ይበቃል።

ክትትሉ በየቤቱ ሲገባ አንድ የቆየ ሃይማኖታዊ ጥያቄ አብሮ ተነሥቷል፦ እንዲህ ያለው ጥበቃ በሽተኛን እንደ መጠየቅ ይቆጠራል? የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሰው በፍርድ ቀን ከሚጠየቅባቸው ምግባሮች አንዱ የታመመን መጠየቅ እንደሆነ ያስተምራል። በእስልምናም ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው መብት አንዱ ይኸው ነው። በአይሁድ ሕግ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ናሕማኒደስ ለጥየቃ ሁለት ዓላማ ይሰጣሉ፦ የበሽተኛውን ችግር ማቃለልና ምሕረት እንዲያገኝ መጸለይ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኒውዮርክ ይኖሩ የነበሩት ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን ደግሞ በስልክ መጠየቅ የትእዛዙን ከፊል ብቻ እንደሚፈጽም፣ መሄድ የሚችለውንም ከመሄድ ነጻ እንደማያወጣው ወስነዋል። በዐይኑ ያየ ሰው ልቡ ይበልጥ ይነካልና።

የሕክምና ጥናቶችም ለጥያቄው የሚረዳ ነገር አላቸው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት 1653 የልብ ድካም ሕሙማንን አካቷል። የክትትሉ ተካፋዮች በየቀኑ እየደወሉ ክብደታቸውንና ሕመማቸውን ለተቀዳ ድምፅ ያስመዘግቡ ነበር፤ ሞትም ሆነ ዳግም ሆስፒታል መግባት አልቀነሰም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የጀርመን ጥናት ግን ሐኪሞችና ነርሶች ሌት ተቀን ተረኛ ሆነው ልኬቱን የሚከታተሉበት ነበር፤ በክትትል ሥር በነበሩት ዘንድ የሟቾች ቁጥር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቶቹ በሌላም ነገር ይለያያሉ። ሆኖም መለካት ብቻውን እርዳታ አለመሆኑን፣ ለልኬቱ ምላሽ የሚሰጥ ሰው እንደሚያስፈልግ ያመለክታሉ።

ስለዚህ ከሩቅ መከታተል ከናሕማኒደስ ሁለት ዓላማዎች የመጀመሪያውን ሊያሟላ ይችላል፤ ያውም ለምልክቱ ፈጥኖ የሚደርስ ሰው ካለ ነው። ሁለተኛውን፣ ማለትም በሽተኛውን በማየት የሚነሣውን ርኅራኄና ጸሎት፣ መሣሪያ አይተካውም። በሌላ በኩል ክትትሉ አዲስ ግዴታ ያመጣል። ቀድሞ የሩቁን ሰው ሕመም አለማወቅ በቂ ምክንያት ነበር፤ የደም ግፊቱ ሌሊት ሲያሻቅብ ስልኩ ላይ ያየ ልጅ ወይም ተረኛ ሐኪም ግን አልሰማሁም ማለት አይችልም።