የእንጨቱ ጀርባ

ጋሳይ ላይ የጉና ተራራ ጉም ሲወርድ ማዶ የቆመው በሬ ይሁን ቁጥቋጦ አይለይም። አንድ ነገር እንዳለ ይታያል፤ ምንነቱ ግን አይታወቅም።

በእንጨት የሚሠሩት የጦርነት የሰሌዳ ጨዋታዎች መላ ብልሃታቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ካናዳ ውስጥ የወጣው «ኩቤክ 1759» ፈር ቀዳጃቸው ነው። ሠራዊቱ ትናንሽ አራት ማዕዘን እንጨት ነው፤ ምልክቱና ኃይሉ በአንድ ፊቱ ላይ ተለጥፏል። ፊቱን ወደ ባለቤቱ አዙሮ ይቆማል፣ ለተጋጣሚው ባዶ ጀርባውን ይሰጣል። ሲመታ ሩብ ዙር ይዞራል፣ አራት የነበረው ኃይል ሦስት ይሆናል። ከማዶ ለሚያየው ግን ያው እንጨት ነው።

ሰው አለማወቅን በገንዘቡ የሚገዛው ለምንድን ነው? ሰንጠረዥ አለን እኮ። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፈረሱ፣ መደቁ ሁሉ በገሃድ ተሰልፏል። ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ እንኳ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሲያንቀሳቅሱ፣ የሚያጥራቸው ጊዜ እንጂ ብርሃን አይደለም። የተሸነፈ ሰው «አላየሁም» ቢል ማን ይሰማዋል?

የደብረ ታቦርን ውጊያ ግን በሰንጠረዥ መጫወት አይቻልም። በየካቲት 1834 ዓ.ም. የየጁው ራስ አሊ እዚያው መቀመጫቸው ላይ ከስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ጋር ገጠሙ። የውቤ ባለ ጠመንጃ በረታ፤ ራስ አሊ ሸሹ። ውቤ ድሉን በማክበር ላይ ሳሉ የአሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ሰንጠረዥ ላይ ንጉሥ ሳያውቅ አያሸንፍም።

በእንጨቱ ጨዋታ ብሩ አሊጋዝ ከዳር የቆመ አንድ ባዶ ጀርባ ይሆናሉ። በአንዳንዱ ጨዋታ ኃይል የሌለው የማታለያ እንጨትም ስለሚሰለፍ፣ ያንን ጀርባ መናቅ ሁልጊዜ ሞኝነት አይደለም። ደስታው ካለማወቁ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ሳያውቁ መወሰን ግድ ሲሆን ነው። ያኔ ዓይን ከሰሌዳው ተነሥቶ ወደ ሰውየው ይሄዳል። የትኛውን እንጨት ደጋግሞ ነካ? የቱን ሆን ብሎ ረሳ? እንጨቱ ዝም ቢልም ጣት ያወራል።

ጨዋታው ጦርነትን ይመስላል ሲሉኝ ግን አልቀበልም። የሚደበቅብኝ የባላጋራዬ ጦር ብቻ ነው፤ የራሴ ሦስት ሲሆን ሦስት መሆኑን አያለሁ። የሚጣፍጠው ይህ ግማሽ ጉም ነው። ራስ አሊ ሲሸሹ ያላዩት የራሳቸውን ወገን ነበር። የገዛ እንጨትህ ጀርባውን ላንተው የሚሰጥበት ጨዋታ ቢሠራ ማን ይገዛው ነበር? ራስ አሊ ማሸነፋቸውን የሰሙት ከሸሹበት ሆነው ነው።