ሰረቀ፣ ወሰደ፣ ገዛ

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ሐረር ሸዋ በር ገበያ፣ ካንዲት ለውዝ ሻጭ ሰፌድ ላይ አንድ እፍኝ ሰረቅሁ። ሴትዮዋ «ሌባ!» ብላ ስትጮህ ገበያው ሁሉ ዞረ። ለውዙን መለስኩ፤ ስሙን ግን የሚመልስልኝ ጠፋ።

ለመሆኑ መስረቅ ምንድነው? እንግሊዞች «ስቲል» ይላሉ። ተሸሽጎ ማድረግን የሚገልጸው «ስቴልዝ» የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። የኛም እኮ እንዲሁ ነው፤ ሰረቅ አድርጎ የሚያይ አለ፣ የስርቆሽ በር አለ። ዐረብኛውም ያው «ሰረቀ» ስለሆነ፣ ጀጎል ውስጥ ቁርአን የቀራ ልጅ ያለአስተርጓሚ ይገባዋል። እንግዲህ ሌባ ማለት የሚደበቅ ከሆነ፣ ሳይደበቅ የሚወስደውስ ምን ይባላል?

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የዘረፈውን በጨለማ አላወጣም። በጠራራ ፀሐይ፣ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ሸጠው። ጦሩ የመጣው ከቦምቤይ ነው። ዝርፊያን የሚጠሩበት «ሉት» የሚለው ቃልም ቢሆን ከሂንዲ የተወሰደ ነው! ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሰው ደግሞ ገንዘቡን ቆጥሮ ብራናዎቹን ገዛ። አማርኛችን ከፍሎ ያገኘውንም፣ በጉልበት የነገሠውንም «ገዛ» ይለዋል። ያን ቀን ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። የራሳችን ዘማች ሲያመጣ «ምርኮ» አልነው እንጂ ስርቆት አላልነውም።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጥያቄው ተደበቀ ወይ፣ ከፈለ ወይ አይደለም። ባለቤቱ «እምቢ» ማለት ይችል ነበር ወይ? ነው። የቸገረው ሰው የአያቱን ኪታብ ይዞ ሲወጣ፣ ገዢው የሚከፍለው ለመጽሐፉ ነው ወይስ ለረሃቡ?

ይህን ለመጻፍ ቀላል ነበር። ዳሩ ግን «ስቲል»ን የፈለግሁበት መዝገበ ቃላት የኔ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ የዶርም ጓደኛዬ እናቱ ታመው የመሳፈሪያ ሲያጣ፣ በሩብ ዋጋ ገዛሁት። ምንም አልተከራከረኝም፤ «አላህ ይስጥህ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ማንም «ሌባ!» ብሎ አልጮኸም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ሽፋኑ ላይ አለ። ቅዳሜ ልወስድለት ነው፤ ምን ብዬ እንደምሰጠው ግን ቃል አጣሁ።