ከቦዩ ማዶ

ሩንስኬፕ በሚባለው ጌም ውስጥ እኔ በምጫወትበት ጊዜ ወደ ሰሜን ከሄድክ አንድ ቦይ ታገኝ ነበር። ከቦዩ ወዲህ ማንም ተጫዋች ሳትስማማ አያጠቃህም ነበር። ከቦዩ ወዲያ ዊልደርነስ ነበር፣ ምድረ በዳ። እዚያ የገደለ የሟቹን ንብረት ይወስድ ነበር። ልትሻገር ስትል ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣ ነበር፤ አንብበህ ወይ ትዘላለህ ወይ ትመለሳለህ።

እኔ የዘለልኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ሲያትል ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። እናቴ እስከ ማታ ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እጠብቃታለሁ፤ ኮምፒውተር የሚሰጡን ለአንድ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው ገና አፌ ላይ ይሰበር ስለነበር ክፍል ውስጥ ዝም እላለሁ። በዚያች አንድ ሰዓት ግን ማዕድን ቆፍሬ፣ ብረት አቅልጬ፣ ዓሣ አጥምጄ «ሩን» የሚባለውን ጥሩር፣ ቁርና ጋሻ ገዛሁ። ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

አንድ ልጅ ጌሙ ውስጥ ተዋወቀኝ። ለሳምንታት ምግብ ሰጠኝ፣ የማላውቀውን መንገድ አሳየኝ፣ የእንግሊዝኛ ስህተቴ አላሳቀውም። አንድ ቀን «ና፣ ቦዩን እንሻገር፣ እኔ አለሁልህ» አለኝ። ዊልደርነስ ደንብ ነበረው። ከቦዩ አጠገብ የሚገጥሙት በጉልበት እኩያ የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ወደ ውስጥ በዘለቅክ ቁጥር ካንተ በጣም የሚበልጠውም ሊመታህ ይችላል። ልጁ በሃያ ደረጃ ይበልጠኝ ነበር። ስለዚህ እያወራን ወደ ውስጥ ሄድን። ወሬው ነበር መሣሪያው። በመጨረሻ አንድ ሰው ቆሞ አገኘን። «ጓደኛዬ ነው፣ እየተለማመድን ነው፣ አንዴ ምታው» አለኝ። መታሁት። ወዲያው ከራሴ በላይ የራስ ቅል ምልክት ወጣ።

ምልክቱ ቀድሞ ለመታ የሚሰጥ ነው። ምልክት የሌለበት ቢሞት ከንብረቱ ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎች ይቀሩለታል፤ ምልክት ያለበት ሁሉንም ያጣል። ሁለቱ ተረባርበው ጨረሱኝ።

ዕቃው ከሐሳቤ የወጣው ቶሎ ነው። ያልወጣው ሌላ ነገር ነበር። በደንቡ ፊት አጥቂው እኔ ነበርኩ። ማስጠንቀቂያውንም አንብቤ ነው የዘለልኩት። እና ፈቅጄ ነበር ማለት ነው? አማርኛችን «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል፦ ሰው በውስጡ ለሚሻው፣ ደግሞም ለሌላው ለሚሰጠው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ነጻ ፈቃድ ሲሰበክ ጆሯችን የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ሠሪው ክፉውንም ደጉንም መምረጥ መቻሉን። ሁለተኛው ፈቃድ፣ ሊደረግበት ያለው ሰው የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው፣ እምብዛም አይነሣም። እኔ ያንን የተማርኩት ከቦይ ማዶ ነው።

ከወራት በኋላ ለማዕድን ብዬ ብቻዬን ተሻገርኩ። ጥልቅ ገብቼ ነበር፤ ከምድረ በዳው ሃያኛ ደረጃ ወዲያ ደግሞ በአስማት ተሰውሮ ማምለጥ አይቻልም። የራስ ቅል የተሸከመ አንድ ሰው መጣና ይመታኝ ጀመር። ምግቤ አለቀ። አንድ ምት ሲቀረኝ በችኮላ «ፕሊስ» ብዬ ጻፍኩ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። ጥቂት የተጠበሱ ሎብስተሮች መሬት ላይ ጥሎልኝ ወደ ሰሜን ሄደ። አንስቼ እየበላሁ እስከ ቦዩ ሮጥኩ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2007 የጌሙ ባለቤት ጃጌክስ ዊልደርነስ ውስጥ ተጫዋች ተጫዋችን እንዳያጠቃ ከለከለ። የጌሙን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ነጋዴዎች ገዢያቸው እንዲገድላቸው እያደረጉ በሞት ስም ዕቃ ያስተላልፉ ስለነበር ነው። በሰው ፈንታ ምድረ በዳውን የሙታን መናፍስት ያዙት። እነሱም ይገድላሉ። ግን ተመልሼ ስገባ አንድ ነገር ገባኝ፦ መንፈሱ የሚመታው ተጽፎለት ስለሆነ፣ «ፕሊስ» ብለው ሊተወኝ አይችልም። ሌባው ሲወጣ ያ ሎብስተር የሰጠኝ ሰውም አብሮ ወጣ።

በኋላ ተጫዋቹ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ 91 ከመቶው የድሮው ይመለስ አለ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2011 ተመለሰ። እኔም ይመለስ ካሉት ነኝ፣ የስድስት ወር ልፋቴን የተቀማሁት። ድምፄን የሰጠሁት ግን ቦዩ ስለነበረ ነው። ቦዩ ባይኖር አልሰጥም ነበር።

ቦይ የሌለውን ዓለም በሌላ ጌም፣ በአልቲማ ኦንላይን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት፣ ጠባቂዎች ካሉባቸው ከተሞች የወጣ ሁሉ የሚታደን ነበር። እንጨት ሊቆርጥ የወጣ ጀማሪ ሳይጠየቅ ይገደላል። አዳኞቹ፣ አደጋ በሌለበት ጀግንነት የለም፣ ክፋት በማይቻልበት ደግነት የለም ይሉ ነበር። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ ግማሹ እውነት ነው፣ እኔም ምስክር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ሠሪዎቹ ዓለሙን እጥፍ አደረጉት፦ የቀድሞው ፈለካ ተብሎ እንዳለ ቀረ፣ በአዲሱ በትራመል ማንም ሳይስማማ አይጠቃም ተባለ። ሕዝቡ ወደ ትራመል ጎረፈ። አዳኞቹ ባዶ ቀረን ብለው አዘኑ። እርስ በርሳቸው ግን ነበሩ እኮ! መፋለም የሚፈልግ ሁሉ እዚያው ነበር። የጎደለው እንጨት ቆራጩ ብቻ ነው። የአንተ ጀግንነት የሚፈተነው በእኔ ደም ከሆነ፣ መጀመሪያ እኔን መጠየቅ ነበረብህ።

አሁን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለፈው ጾም ዘፍጥረት አራትን ስናነብ፣ ቃየል ወንድሙን ወደ ሜዳ እንሂድ ብሎ እንደጠራው ስደርስ ድምፄ ተያዘብኝ። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ነው! የመጀመሪያው ነፍሰ ገዳይ አላሳደደም፤ ጋበዘ። አቤልም በእግሩ ሄደ። ምልክቱ ደግሞ የወጣው በገዳዩ ላይ ነው፣ ያውም ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው መጠበቂያ ሆኖ። በእኔ ጌም ምልክት ያለበት ሁሉን ያጣል፤ እግዚአብሔር ምልክት ያደረገበት ግን ሕይወቱ ተረፈለት።

የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ አቤልን ማን ጠየቀው?»

ለአዳም ስለ ዛፉ ተነግሮታል፤ ማስጠንቀቂያው ከመብላቱ በፊት ነበር። ለአቤል ቦይ አልነበረለትም። ይህንኑ ነገርኳት። እግዚአብሔር ወንድምህ ወዴት ነው ብሎ መጠየቁንም ነገርኳት፤ የተጠየቀው ግን ቃየል ነው፣ ያውም ከሆነ በኋላ። መልሱ አላረካትም፤ እኔንም አላረካኝም፣ አልደበቅኳትም። ከዚያ የቦዩን ታሪክ ነገርኳቸው፣ የተቀማሁትንም የተተውኩትንም።

«የተወህ ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

የቀማኝን ልጅ ስም ከእነ ቁጥሩ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዚያን ሰው ስም ግን ልሮጥ ስቸኩል አላነበብኩትም።