ምስክር በሌለበት ዱር

በወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ ሬሳ የግድ ነው። መርማሪው የሚጠራው ሰው ስለሞተ ነው፤ አንባቢም እንቅልፉን አጥቶ ገጽ የሚገልጠው ገዳዩ ማን እንደሆነ እስኪያውቅ ነው። የሞተው አጋዘን ቢሆንስ? ያው ጉጉት፣ ያው ቁጣ፣ ያው «ፍርድ ይሰጠኝ» ማለት ይኖረን ነበር?

አሜሪካዊው ደራሲ ሲ. ጄ. ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው «ኦፕን ሲዝን» የተሰኘ ልብ ወለድ ይህን ጥያቄ አጫረብኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጆ ፒኬት በዋዮሚንግ ግዛት የዱር እንስሳት ዘብ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ እንዲጠብቅ የተሰጠው ተራራና ሸለቆ ግን ማለቂያ የለውም። መጽሐፉ ሲከፈት ያለ ወቅቱ አጋዘን የገደለ አንድ ሰው ይይዛል። የቅጣት ወረቀቱን ሲጽፍ ሰውየው ሽጉጡን ከወገቡ መንጭቆ ይደግንበታል። አይተኩስም፣ መልሶ ይሰጠዋል። ወሬው ግን ከተማውን ያዳርስና ፒኬት «ሽጉጡን የተቀማው ዘብ» ሆኖ ይቀራል። ቆይቶ ያ ሰው ተገድሎ ከፒኬት ጓሮ፣ ከማገዶው ክምር ላይ ወድቆ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ታሪኩ የለመድነውን መንገድ ይይዛል፤ ሬሳ አለ፣ መርማሪ አለ፣ የሚደበቅ ምስጢር አለ። የአጋዘኖቹ ሞት ግን እዚያው መጀመሪያው ላይ ተረስቶ ይቀራል።

ይህን የምለው ደራሲውን ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ ከደራሲው ችሎታም ከልብ ወለዱ ዓይነትም ይጠልቃል። ሰው ሲገደል ከሳሽ አለው፦ እናት ታለቅሳለች፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንድም ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ይጠናል። ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ሲገደል «የኔ ነው» ብሎ የሚመጣ የለም። ገዳዩ ለቀንዱ ሲል ራሱን ቆርጦ ወስዶ ሥጋውን ለአሞራ ከተወው፣ ጥቂት ቆይቶ ከአጥንትና ከተበተነ ጠጉር በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም። ዘቡ በጊዜው ከደረሰ ሥራው ከአስከሬን መርማሪ ሥራ ብዙም አይለይም። ጭኑን በጩቤ በስቶ ቴርሞሜትር ይሰካል፣ የቀረውን ሙቀት ከአየሩ ቅዝቃዜ ጋር አስተያይቶ የሞተበትን ሰዓት ይገምታል። ቆዳውን ገልጦ ጥይቱ የገባበትን ቀዳዳ ይከተላል፣ እርሳሱን ካገኘ በትንሽ ከረጢት ያሽገዋል። ጭቃው ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት ፎቶ ያነሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አቤት ያለ ሰው ሳይኖር ነው። አቤቱታውን የሚያቀርበውም፣ የሚመረምረውም፣ የሚመሰክረውም እሱ ራሱ ነው።

ሕግ ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በሮማውያን ሕግ የዱር አውሬ የማንም አይደለም፣ የያዘው ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1805 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት አንድ የቀበሮ ክርክር ቀርቦለት ነበር። ፖስት የተባለ ሰው በውሾቹ ቀበሮ ሲያሳድድ ፒርሰን የተባለ ሌላ ሰው ቀድሞት ገድሎ ይወስዳል። ዳኞቹ በብዙ ድምፅ «ማሳደድ ብቻውን ባለቤት አያደርግም» ብለው ለገዳዩ ፈረዱ። ሁለት ሰዎች ተካሰሱ፣ አንዱ ረታ፤ ቀበሮው የክርክሩ ዕቃ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዱር እንስሳት የሕዝብ የጋራ ሀብት እንደሆኑና መንግሥት በአደራ እንደሚጠብቃቸው የሚገልጽ ውሳኔ ሰጠ። የውሳኔው አንዳንድ ክፍል በኋላ ቢሻርም የአደራው ሐሳብ እስከ ዛሬ የአሜሪካ የዱር እንስሳት አስተዳደር መሠረት ነው። ችግሩ፣ አደራ ሰጪው ሁሉም ሰው ሲሆን ቆጥሮ የሚቀበል ባለቤት አይኖርም። ባንክ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ቢጎድል እኔ እጮሃለሁ። ከሮኪ ተራሮች ጀርባ አንድ አጋዘን ቢጎድል ከሚሊዮኖቹ አደራ ሰጪዎች የሚያውቅ አንድም ላይኖር ይችላል።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ስለ ጊጌስ ቀለበት የሚያነሳው ተረት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አንድ እረኛ ከተሰነጠቀ መሬት ውስጥ ቀለበት ያገኛል። ፈርጡን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። በዚህ ቀለበት ቤተ መንግሥት ገብቶ ንጉሡን ይገድላል፣ ዙፋኑንም ይወርሳል። ተረቱን የሚተርከው ግላውኮን ሶቅራጥስን የሚሞግተው፣ ይህ ቀለበት ለጻድቁም ለኃጥኡም ቢሰጥ ልዩነታቸው ይጠፋል ብሎ ነው። ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ስለሚታይ ነው፣ ካልታየ ማንም የልቡን ይሠራል ማለቱ ነው። ለፕላቶ ቀለበቱ ምናብ ነው። በረሃና ጥቅጥቅ ያለ ዱር ግን ይህን ቀለበት ለገባ ሁሉ በነጻ ያድላሉ።

ለአዳኙ ብቻ አይደለም፣ ለዘቡም ጭምር። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ብቻውን የሚሠራ፣ አለቃው ሩቅ፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ጉቦ ቢቀበል ማን ያያል? ሰው እያስፈራራ ቢዘርፍስ? አይቶ እንዳላየ ቢያልፍስ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ፈተና ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ቦክስ ፒኬትን ያቆመው እዚህ ፈተና መሐል ነው። ያለ ፈቃድ ዓሣ ያጠመደ ሰው ይይዛል፤ ሰውየው የግዛቲቱ ገዥ ሆኖ ይገኛል፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ይከሰሳል። ይህን ያነበበ ሰው ፒኬትን ሞኝ ሊለው ይችላል፣ በልብ ወለዱ ውስጥም ብዙዎች እንዲያ ይሉታል። እኔ ግን መጽሐፉ ለግላውኮን መልስ የሚሰጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፒኬት ማንም ሳያየው ራሱ አየ፤ ካየ በኋላም አላየሁም ማለት አልቻለም። እንዲህ ያለው ሰው ከቀለበቱ የሚድነው የሰው ዓይን ፈርቶ ሳይሆን የገዛ ዓይኑን መካድ ስለሚያቅተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 «ኤ ሳንድ ካውንቲ አልማናክ» የታተመለት የደንና የዱር እንስሳት ሊቅ አልዶ ሊዮፖልድ፣ አዳኝን ከሌላ ተጫዋች የሚለየው የሚያጨበጭብለትም የሚያወግዘውም ተመልካች አለመኖሩ ነው ይላል። ዳኛው የራሱ ሕሊና ነው። ይህ ሐሳብ ከእኛው የአደን ባህል አጠገብ ሲቀመጥ ይበልጥ ይጎላል። በቀደመው ዘመን ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ጀግና ነበር። ጭራውን ወይም ጎፈሩን ይዞ በጌታው ፊት ግዳይ ይጥላል፣ ይፎክራል፣ ይሸለማል። ምስክር ያስፈልገው ነበር፤ ያለ ምስክር ግድያው ክብር አይሆንለትም። የዛሬው ሕገ ወጥ አዳኝ ያንኑ ጠብመንጃ ይዞ ያንኑ አውሬ ቢገድልም የሚሸሸው ያንኑ ምስክር ነው። ይህን የምለው የድሮውን አደን ለማወደስ አይደለም፤ ያ ክብር ስንት ዝሆንና ስንት አንበሳ እንደ ጨረሰ አገሩ ራሱ ይናገራል። ግን ልዩነቱ አንድ ነገር ያስተምረኛል። ሥራን ጀግንነትም ነውርም የሚያደርገው የሚያየው ማኅበረሰብ ነው፣ ዘቡም ዱር ውስጥ ያ ማኅበረሰብ ሆኖ ብቻውን ይቆማል። ጥበቃ የሚለው መጠሪያ ለዚህ ሥራ ያንሰዋል። አንድ ሰው ያን ሁሉ ተራራ ሊጠብቅ አይችልም፣ ሊመሰክር ግን ይችላል።

ምስክርነት ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳዩት በአይዳሆ ግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ዘብ የነበሩት ቢል ፖግና ኮንሊ ኤልምስ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1981 በኦዋይሂ በረሃ፣ ከመንገድ ርቆ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ወጥመድ ወደሚያጠምደው ክሎድ ዳላስ ካምፕ ወረዱ። ያለ ወቅቱ የታደነ የአጋዘን ሥጋና ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት ቆዳ ነበረው። ዳላስ ሁለቱንም በሽጉጥ ተኩሶ ጣላቸው፤ ከዚያ .22 ጠብመንጃ አምጥቶ ጭንቅላታቸውን በየተራ መታቸው። የኤልምስን አስከሬን ወንዝ ውስጥ ጣለ፣ የፖግን ወስዶ በረሃ ውስጥ ቀበረ። ከአንድ ዓመት በላይ ተሸሽጎ እ.ኤ.አ. በ1982 ኔቫዳ ውስጥ ተያዘ። የፍርድ ሸንጎው አባላት አስቦ ገድሏል አላሉም፤ ከዚያ ባነሰ የሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ አደረጉት፣ ዳኛውም 30 ዓመት ፈረዱበት። እ.ኤ.አ. በ1986 ከእስር ቤት አመለጠ፣ በ1987 ተያዘ፣ በ2005 ከእስር ተለቀቀ።

ከግድያው ባልተናነሰ የሚያሳምመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለብዙ ሰው ዳላስ ባለ ዝና ሆነ፤ መጻሕፍት ተጻፉለት፣ የቴሌቪዥን ፊልም ተሠራለት፣ «በነጻነቱ የኖረ የመጨረሻው የተራራ ሰው» አድርገው ያዩት ነበሩ። ይህ አድናቆት ሥሩ ሩቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ከኖርማኖች ወረራ ጀምሮ ጫካው የንጉሥ ነበር፤ የንጉሥን አጋዘን የገደለ ዓይኑ እስከ መፍሰስ ይቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1723 የወጣው «ብላክ አክት» የተባለው ሕግ ደግሞ ፊትን አጥቁሮ አጋዘን ማደንን በሞት የሚያስቀጣ አደረገው። በእንዲህ ያለ አገር የጌታን አጋዘን ሰርቆ የሚበላ ድሃ በሕዝብ ዘንድ ቢወደድ ተገቢ ነው፤ የሮቢን ሁድ ተረትም ከዚያ ስሜት ኃይል ያገኛል። ዳላስ ይህን የድሃ ካባ ተውሶ ለበሰ። እሱ የገደለው አውሬ ግን የንጉሥ አልነበረም፤ የጎረቤቱ ነበር፣ የፖግና የኤልምስ ነበር፣ ያደነቁትም ሰዎች ነበር። የተዘረፉት ሰዎች ዘራፊያቸውን አጨበጨቡለት፤ ምክንያቱም መዘረፋቸውን አላዩም። ያዩት ሁለት ምስክሮች ተገድለው ነበር።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ለራሴ ማክበድ አለብኝ። ምስክር የሚያየው ምንን ነው? አውሬውን ብቻ ካየ ግማሹን አላየም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አስቡ። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። ከዚያ መዝገብ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ መዛወሩ ነው። ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ፣ አባቱን ቀብሮ የኖረ ሰው ቀዬው ፓርክ ተባለ። ለእሱ ዱሩ ከእንግሊዙ የንጉሥ ጫካ በምን ይለያል? የአውሬውን ራስ ቆርጦ ለግድግዳው ጌጥ የሚወስደው ሀብታምና ልጆቹ የራቡት ገበሬ በዱር እንስሳት አዋጅ ፊት አንድ ናቸው። አዋጁ ሊለያቸው አይችልም፣ መለየት ያለበትም አይመስለኝም፤ ከለያቸው ነገ ሁሉም ረኃብተኛ ነኝ ይላል። ዋልያው ደግሞ በማን እጅ እንደሞተ አይለይም፤ መንጋው ሲመነምን ምክንያቱ ረኃብ ይሁን ኩራት ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ከባዱ ሸክም ስካውት በሚባለው የፓርክ ዘብ ላይ ይወድቃል። የእኛ ፓርኮች ዘብ በአብዛኛው እዚያው አካባቢ የተወለደ ሰው ነው፤ የያዘው አዳኝ የክርስትና አባቱ ልጅ፣ የሚስቱ ዘመድ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካው ልብ ወለድ ፒኬት ለከተማው እንግዳ ነው፣ እንግድነቱም ያግዘዋል፤ ገዥውን መክሰስ ከዘመድ ጋር አያጣላውም። ስካውቱ ያ ዕረፍት የለውም። ያየውን ከመሰከረ ሠርግ ላይ የማይጠሩት፣ ለቅሶ ላይ የማያናግሩት ሊበዙ ነው። ከደበቀ ዋልያው ሁለት ጊዜ ይገደላል፤ አንዴ በጥይት፣ አንዴ በዝምታ።

በአማርኛ እንዲጻፍ የምመኘው የወንጀል ልብ ወለድ እንግዲህ ይህ ነው። የሰው ሬሳ የለበትም። አንድ ስካውት አለ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የወደቀ አንድ ዋልያ አለ፣ ስካውቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ሰው አለ። ገዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። አንባቢው ገጽ የሚገልጠው ስካውቱ ደባርቅ ወርዶ ሪፖርቱን ሲሞላ ስሙን ይጽፈው እንደሆነ፣ ከጻፈውም ስለ ሰውየው መሬት የሚጨምረው ዓረፍተ ነገር ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ነው።