ጥናቱን ማን ጻፈው?

ክረምት በመጣ ቁጥር ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ብዙ ወጣት መምህራን በትምህርት ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ ደብረ ብርሃን ይገባሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ዲግሪውን የጨበጠ መምህር በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሊያስተምር፣ ሱፐርቫይዘር ወይም ርዕሰ መምህር ሊሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሌክቸረር ሊባል ይችላል፤ ደመወዙም ከፍ ይላል። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ቢመኝ ማንም አይነቅፈውም።

አንድ በጡረታ ላይ ያሉ የመንዝ መምህርን ግን የሚያንገበግባቸው ነገር አለ፤ የመመረቂያ ጽሑፍን በገንዘብ ማስጻፍ። በፎቶ ኮፒ ቤቶች መስታወት ላይ «ጥናት እናማክራለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ማማከሩ ቀርቶ ሙሉው ይሸጣል። አንድ ወጣት ጥራዙን እንዲያዩለት አመጣላቸው። ርእሱ በመንዝ ትምህርት ቤት ስለሚቀሩ ተማሪዎች ነው። ገልጠው ቢያነቡ ልጆቹ የሚቀሩት «ከሙቀቱ የተነሳ» ነው ይላል። ሙቀት፣ ልጅ ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ በሚማርበት ደጋ! ለሌላ አገር የተጻፈ ነበር፤ የተለወጠው የቦታው ስም ብቻ ነው።

ይህ ስንፍና ብቻ አይደለም። ተማሪው በጥራዙ መጀመሪያ ላይ «የራሴ ሥራ ነው» ብሎ ፈርሟል፤ ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን የጣሰ ፊርማ ነው።

መምህሩ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተዋል። ቀን ሲቆጥሩ የዋሉትን ቅኔ ማታ ለየኔታ ይነግሩ ነበር። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የነገረ ተማሪ አይገረፍም ነበር፤ የኔታ ዝም ብለው ያዩታል፣ እሱም መግቢያ ያጣል። በኋላ ለዲግሪያቸው በኩራዝ ሲጽፉ እናታቸው ቆሎ ቆልተው አብረዋቸው ያመሹ ነበር። የሚጻፈው ባይገባቸውም ኩራዙ እንዳይጠፋ ይጠብቁ ነበር።

መንዝ የተወለዱት ደራሲ ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤልም የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ያገኙት በራሳቸው ብዕር ነው።

የተገዛ ጽሑፍ ጉዳቱ ለትምህርት ቤቶቻችንም ይተርፋል። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም፤ በ2015ም እንዲሁ። ጽሑፍ ገዝቶ ርዕሰ መምህር የሆነ ሰው ይህን ውድቀት በምን ዕውቀቱ ይመረምረዋል? ደግሞም ለድህረ ምረቃ አሁን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ጽሑፍ ሻጩ ፈተና አዳራሽ አብሮ አይገባም።

የጥናት ርእስማ ከደጅ ሞልቷል። በልግ አብቃይ በሆነው ደጋ የገብስ አጨዳ ሲደርስ ስንት ልጅ ከክፍል ይቀራል? የስም መጥሪያውን ገልጦ መቁጠር ነው። ከመርሐቤቴ ገጠር ወጥተው ዓለም ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች ስንቃቸው ሲያልቅ ምን ይሆናሉ? ይህን ፎቶ ኮፒ ቤቱ አያውቅም፤ የአገሩ ልጅ ያውቃል። ዘንድሮ የሚመዘገበው መጠይቁን ራሱ ይዞ ይዙር፣ ራሱ ይጠይቅ፣ ቋንቋው ቢሰባበርም ራሱ ይጻፍ። አማካሪው ያርመዋል፤ የተመደበለትም ለዚሁ ነው።